እርጅናን ያዘገያሉ የሚባሉ መድኃኒቶች፦ ኢንዛይም በኢንዛይም ስናነጻጽራቸው

ሰው ሃምሳውን ሲሻገር አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ዕድሜ የሚያራዝም ክኒን አለ ይባላል፤ የትኛውን ልውሰድ?» አንዱ ሜትፎርሚን ይላል። ሌላው ከአሜሪካ ዘመድ የላከለትን ኤንኤምኤን የሚባል እንክብል ያሳያል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ራፓማይሲን እየዋጡ ወጣት ሆንን የሚሉ አሉ። ሁሉም «ሳይንስ ነው» ይላሉ። እውነትም ከጀርባቸው ሳይንስ አለ። ግን ማስረጃቸው እኩል አይደለም። አንዱ በሺዎች ሰዎች ላይ ለዓመታት ተፈትኗል። ሌላው ከአይጥ ብዙም አልዘለለም።

ምርቶቹ ሲታዩ የማይገናኙ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ግን ኢላማቸው ኢንዛይም ነው፤ ማለትም በሰውነታችን ውስጥ የኬሚካል ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን። ስለዚህ በብራንድ ሳይሆን በኢንዛይም እናወዳድራቸው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም በየጊዜው ይቀያየራል፤ ኢንዛይሙ ግን ያው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰው ላይ ተሞክሯል ወይ?» ነው። ተሞክሯል ከተባለ ደግሞ ምን ተለካ? «ደም ውስጥ ያለው መጠን ጨመረ» እና «የሞተው ሰው ቁጥር ቀነሰ» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ማስታወቂያ የመጀመሪያውን ይነግረንና ሁለተኛውን እንድናስብ ያደርገናል።

ሁለተኛው፣ መድኃኒቱ ኢንዛይሙን ያግዳል ወይስ ይቀሰቅሳል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ብዙ ነገር የሚገልጥ ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኢንዛይም ሥራውን የሚሠራበት ጎድጓዳ ቦታ አለው። እዚያ ልክ የሚገባ ሞለኪውል ከተገኘ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ማገድ በአንጻሩ ቀላል ነው። መቀስቀስ ከባድ ነው፤ ኢንዛይሙን ከወትሮው በላይ እንዲሠራ ማድረግ ይጠይቃልና። ቀጥሎ እንደምታዩት፣ ፋርማሲ የደረሱት አብዛኞቹ አጋጆች ናቸው። ወሬ የሚበዛባቸው ደግሞ ቀስቃሾቹ ናቸው።

ሦስተኛው፣ ኢንዛይሙ ሌላ ምን ሥራ አለው? ከዕድሜ ጋር የሚያያዝ ኢንዛይም ብዙ ጊዜ ቁስል ከማዳን፣ ከበሽታ መከላከል ወይም ከመውለድ ጋርም ይያያዛል። አንዱን ስንነካ ሌላውም ይነካል። ከዚህ በተጨማሪ መድኃኒቱ ስንት ዓመት በሰው እጅ እንደቆየ እና ምን ያህል እንደሚያስወጣ እናያለን። ወጪ ስል የክኒኑን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሚያስፈልገው የደም ምርመራም ይቆጠራል።

ስለ አይጥ አንድ ነገር ላስቀድም። የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም የሚደግፈው አንድ የሙከራ ፕሮግራም አለ። አንድን መድኃኒት በአንድ ጊዜ በሦስት ቦታዎች ይሞክራል፤ በሜን፣ በሚሺጋንና በቴክሳስ። አይጦቹም ሆን ተብሎ የተቀላቀለ ዘር ያላቸው ናቸው። ከአንድ ቤተ ሙከራ የወጣ ውጤት እዚያ ካልተደገመ እኔ ብዙ አላምነውም። ከዚህ በኋላ «የሦስቱ ቦታ ሙከራ» የምለው ይህንን ነው።

ለመለኪያ ያህል፦ ስታቲንና የኮሌስትሮሉ ኢንዛይም

ስታቲን የእርጅና መድኃኒት ነው ብሎ የሚያስተዋውቅ የለም። ግን ኢንዛይምን በመድኃኒት መንካት ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ያሳየናል። ኤችኤምጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ይቆጣጠራል። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሕዋሳትን ፈትሾ ይህን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር ከሻጋታ አገኘ። የመጀመሪያው ስታቲን በ1987 ለገበያ ተፈቀደ።

በ1994 የወጣው የስካንዲኔቪያ ጥናት የልብ ሕመም ያለባቸው 4,444 ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተለ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 100 ሰዎች 12 ያህሉ ሞቱ። ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 8 ያህሉ። የተለካው የደም ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሞት ነው።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። በሦስቱ ቦታ ሙከራ ሲምቫስታቲን የአይጥ ዕድሜ አላራዘመም። ነገሩ ሲታይ ግልጽ ነው። አይጥ በልብ ደም ሥር መዘጋት አትሞትም፤ አብዛኞቹ በካንሰር ነው የሚሞቱት። «አይጥ ላይ ሠራ» ማለት ሰው ላይ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ «አይጥ ላይ አልሠራም» ማለትም ሰው ላይ አይሠራም ማለት አይደለም።

የስታቲን ስጋት የጡንቻ ሕመም፣ የደም ስኳር ትንሽ መጨመር፣ አልፎ አልፎም የጉበት መቆጣት ነው። ነፍሰ ጡሮች በአብዛኛው አይሰጣቸውም። ዋጋው ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው።

ኤምቶር እና ራፓማይሲን

አይጥ ላይ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ይህ ነው። ታሪኩም ረጅም ነው። በ1964 አንድ የካናዳ የሕክምና ቡድን ወደ ኢስተር ደሴት ሄዶ አፈር ይዞ ተመለሰ። የደሴቲቱ የአገር ልጆች ስም ራፓ ኑዪ ነው፤ የመድኃኒቱም ስም ከዚያ መጣ። ሞንትሪያል ውስጥ ሱረን ሴጋልና ባልደረቦቹ ከአፈሩ ባክቴሪያ ፈንገስ የሚገድል ነገር አወጡ። ኋላ ላይ ዋናው ጉልበቱ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም መቀነሱ ላይ መሆኑ ታወቀ። በ1999 የተተከለ ኩላሊት በሰውነት እንዳይገፋ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ኤምቶር የሕዋስን እድገት የሚመራ ኢንዛይም ነው፤ እንደ ግንባታ ፎርማን። ሲሚንቶና ብረት ሲደርስ ሠራተኛውን ያሰማራል፤ ሲጠፋ ሥራ ያስቆማል። ለኤምቶር ሲሚንቶው ከምግብ የሚመጣው የፕሮቲን ፍርፋሪና ኢንሱሊን ነው። ኤምቶር ሲያርፍ ሕዋሱ ያረጁ ክፍሎቹን እየፈታ መልሶ ይጠቀማል። ራፓማይሲን ኤምቶርን ያግዳል፤ ምግብ ያነሰ ይመስል ሕዋሱን ወደ ጥገና ያዞረዋል።

በ2009 የሦስቱ ቦታ ሙከራ ውጤት ሲወጣ ብዙዎች ተደነቁ። መድኃኒቱ የተጀመረው አይጦቹ 600 ቀን ከሞላቸው በኋላ ነበር፤ ይህም ለአይጥ እርጅና ነው። ቢሆንም ረጅም የሚኖሩት ሴቶች ዕድሜ በ14 በመቶ፣ የወንዶቹ በ9 በመቶ ጨመረ። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ታይቷል።

ሰው ላይስ? በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ለሚኖሩ አረጋውያን የራፓማይሲን ዘመድ የሆነውን ኤቨሮሊመስ በትንሽ መጠን ሰጣቸው። የጉንፋን ክትባት ሲወጉ ሰውነታቸው የሰጠው ምላሽ 20 በመቶ ያህል ተሻለ። ደስ የሚል ፍንጭ ነው። ነገር ግን በ2019 ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘ ሌላ መድኃኒት በመጨረሻው የሙከራ ደረጃ አረጋውያንን ከመተንፈሻ አካል ሕመም መጠበቅ አልቻለም። ራፓማይሲን የሰው ዕድሜ እንደሚያራዝም ያሳየ ጥናት የለም።

ስጋቱን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። የአፍ ቁስል፣ የደም ቅባት መጨመር፣ የቁስል ቶሎ አለመዳን፣ በኢንፌክሽን መጠቃት። ከወንዶች የዘር ፍሬ፣ ከሴቶች የወር አበባ ጋርም ችግር ይፈጥራል። ኤምቶር ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተጣምሮ በሁለት ዓይነት ስብስብ ይሠራል። ዕድሜ ላይ ተጽዕኖ አለው የሚባለው የመጀመሪያው ነው። መድኃኒቱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሁለተኛውንም ይነካል። ያን ጊዜ ኢንሱሊን በደንብ መሥራት ያቅተዋል፣ ስኳርም ይጨምራል። «በሳምንት አንዴ ብቻ» የሚባለው ዘዴ ከዚህ የመጣ ነው። ሐሳቡ ትርጉም አለው፤ ግን በትልቅ ሙከራ አልተረጋገጠም። ሳንባ ነቀርሳ ባልጠፋበት አገር የመከላከል አቅምን ያለ ሐኪም መንካት እኔን በጣም ያስፈራኛል።

ኤኤምፒኬ እና ሜትፎርሚን

ኤኤምፒኬ የሕዋስን ጉልበት የሚለካ ኢንዛይም ነው። ጉልበት ሲያንስ ይነቃል፤ ስኳርና ስብ እንዲቃጠል፣ ጉበትም አዲስ ስኳር መሥራቱን እንዲቀንስ ያደርጋል። ስፖርት ስንሠራ ጡንቻችን ውስጥ የሚነቃው ይኸው ነው።

ሜትፎርሚን ኤኤምፒኬን በቀጥታ አይቀሰቅስም። ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ጉልበት የሚመረትበትን መስመር በጥቂቱ ያዳክማል። ሕዋሱ ጉልበት ያነሰው ይመስለዋል፤ ኤኤምፒኬም ይነቃል። ሌሎች መንገዶችም አሉት። በቀጥታ የሚቀሰቅስ መድኃኒትም ተሞክሯል። በ2017 ይፋ የሆነ አንድ እንዲህ ያለ ሞለኪውል የእንስሳትን ስኳር አስተካከለ፤ ግን የልባቸውን ጡንቻ አወፈረው። ሦስተኛው መመዘኛ ያስፈለገው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

የሜትፎርሚን ዘር ከአውሮፓ የመጣ ጋሌጋ የሚባል ተክል ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 ለስኳር ሕመምተኞች መስጠቱን አስታወቀ። አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ በሰው እጅ ቆይቷል፤ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። የእኛም አገር ፋርማሲዎች በደንብ ያውቁታል።

በ1998 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ክብደታቸው የጨመረ የስኳር ሕመምተኞችን ይመለከታል። ሜትፎርሚን የወሰዱት የመሞት ዕድላቸው ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር በ36 በመቶ ያነሰ ሆነ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ግን ሜትፎርሚን የወሰዱት 342 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ስኳር ለሌለበት ሰውስ? እዚህ ላይ ወሬው ከማስረጃው ይቀድማል። በ2014 የወጣ ጥናት ሜትፎርሚን የሚወስዱ ስኳርተኞች ከጤነኞች የተሻለ ኖሩ አለ። የብዙው ሰው ጉጉት ከዚያ ይጀምራል። በ2022 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ደግመው ቢያዩት ውጤቱ አልተደገመም። በሦስቱ ቦታ የአይጥ ሙከራም ሜትፎርሚን ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ጥያቄውን የሚመልሰው የእርጅና ተመራማሪው ኒር ባርዚላይ የሚመሩት ቴም የተባለ ሙከራ ነው። ከ65 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን 3,000 ሰዎች ለመከታተል የታቀደ ነው። ግን መድኃኒቱ ርካሽና የባለቤትነት መብት የሌለው በመሆኑ ትርፍ የሚጠብቅ ኩባንያ አልነበረም፤ ገንዘብ ሲፈለግለት ዓመታት አልፈዋል።

ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ጤነኞች ሌላም ማሰብ ያለባቸው ነገር አለ። በ2019 የወጣ ጥናት አረጋውያንን ለ14 ሳምንት ክብደት አስነሣ። ባዶ ክኒን የወሰዱት ከሜትፎርሚን ወሳጆቹ የበለጠ ጡንቻ ገነቡ። ለአዛውንት ጡንቻ ማለት ሳይወድቁ መራመድ ነው። ስኳር ለሌለበት ሰው ይህ ኪሳራ ቀላል አይደለም።

የጎንዮሽ ጉዳቱ በአብዛኛው ሆድ ነው፤ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ። ከምግብ ጋር በትንሹ መጀመር ይረዳል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ይቀንሳል፤ እግር መደንዘዝ ሲጀምር «ስኳሩ ነው» ብሎ ማለፍ ሳይሆን ቢ12 ማስመርመር ነው። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው መውሰድ የለበትም። ለጾመኞች ደግሞ፣ ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን አውርዶ የሚጥል መድኃኒት አይደለም። ግሊቤንክላማይድ ከሚባለው ስኳር አውራጅ ክኒን ወይም ከኢንሱሊን ጋር የሚወሰድ ከሆነ ግን በረመዳንም በዓቢይ ጾምም አወሳሰዱን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ግድ ነው።

አካርቦስ፦ አንጀት ላይ የሚሠራው

ይህን መድኃኒት ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ያሳዝናል። ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ አልፋ ግሉኮሲዴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። የዳቦውን፣ የእንጀራውን፣ የፓስታውን ስታርች ወደ ስኳር የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። አካርቦስ ያግዳቸዋል፤ ከምግብ በኋላ ስኳሩ ዘሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። የተዋጠው አካርቦስ አብዛኛው ወደ ደም እንኳ አይገባም።

በሦስቱ ቦታ ሙከራ የወንድ አይጦችን አማካይ ዕድሜ በ22 በመቶ አራዘመ፤ የሴቶቹን በ5 በመቶ ብቻ። ሰው ላይ በ2002 የወጣ ጥናት ስኳር አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎች ወደ በሽታው የመግባት ዕድላቸውን በ25 በመቶ ቀነሰ አለ። በ2017 ደግሞ ቻይና ውስጥ ከ6,500 በላይ የልብ ሕመምተኞች ተጠኑ። ስኳር ቀነሰ፤ የልብ ድካምና ሞት ግን አልቀነሰም።

ጣጣው አየር ነው። ያልተፈጨው ስታርች ወደ ታችኛው አንጀት ወርዶ ባክቴሪያ ሲያገኘው ሆድ ይነፋል፣ ፈስ ይበዛል። ብዙዎች ለዚህ ሲሉ ያቆሙታል። አንድ መታወቅ ያለበት ነገርም አለ። አካርቦስን ከኢንሱሊን ወይም ከግሊቤንክላማይድ ጋር የሚወስድ ሰው ስኳሩ ቢወርድበት የሻይ ስኳር በጥብጦ መጠጣት ቶሎ አያድነውም። ያንን ስኳር የሚቆርጠው ኢንዛይም ታግዷልና። ግሉኮስ ወይም ማር ነው የሚያስፈልገው። ቤተሰብም ይህን ይወቅ።

ሲርቱይን፣ ሬስቬራትሮል እና ኤንኤዲ

ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትና ብዙ ተስፋ የተሸጠበት መስክ ይህ ነው። በ1999 የሊዮናርድ ጓሬንቴ ቤተ ሙከራ እርሾ ላይ አንድ ግኝት አሳየ። ሰር2 የሚባለውን ዘረ መል አንድ ተጨማሪ ቅጂ ያገኘ እርሾ 30 በመቶ ያህል ረዝሞ ኖረ። በዓመቱ ኢንዛይሙ ያለ ኤንኤዲ እንደማይሠራ ታወቀ። ኤንኤዲ ምግብን ወደ ጉልበት ለመቀየር የሚያስፈልግ ሞለኪውል ነው። ከሰር2 የሚሠራው ኢንዛይምና ዘመዶቹ ሲርቱይን ይባላሉ፤ ሰው ሰባት ሲርቱይኖች አሉት።

በ2003 ዴቪድ ሲንክሌርና ባልደረቦቹ ሬስቬራትሮል ሲርቱይንን ይቀሰቅሳል አሉ። ሬስቬራትሮል ቀይ ወይን ውስጥ አለ፤ በአንድ ሊትር ጥቂት ሚሊግራም ብቻ። በ2008 መድኃኒት አምራቹ ግላክሶስሚዝክላይን በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተውን ሰርትሪስ የተባለ ኩባንያ በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 የፋይዘር ተመራማሪዎች አንድ ከባድ ጥያቄ አነሱ። በቀድሞው ምርመራ ኢንዛይሙ የሚሠራበት ሞለኪውል ላይ የሚያበራ ቀለም ተለጥፎ ነበር። ቀለሙ ሲነሳ መቀስቀሱም ጠፋ። በ2013 ሲንክሌርና ባልደረቦቹ የመልስ ማስረጃ አቀረቡ፤ ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በዚያው ዓመት ግን ሰርትሪስ ተዘጋ። በሦስቱ ቦታ የአይጥ ሙከራም ሬስቬራትሮል ዕድሜ አላራዘመም።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ወደ ኤንኤዲ ዞረ። ዕድሜ ሲገፋ በብዙ የሰውነት ክፍሎች ኤንኤዲ ይቀንሳል። ሐሳቡ ኢንዛይሙን ራሱን ትቶ ማገዶውን መጨመር ነው። ኤንኤምኤንና ኤንአር የሚባሉት እንክብሎች ለዚህ ነው የሚሸጡት። ሁለቱም የቫይታሚን ቢ3 ዘመዶች ናቸው።

የሰው ጥናቶቹን ጎን ለጎን እንያቸው። በ2021 የወጣው ስኳር አፋፍ ላይ ያሉ፣ የወር አበባቸው የቆመ 25 ሴቶችን አየ። ለ10 ሳምንት በቀን 250 ሚሊግራም ኤንኤምኤን የወሰዱት ጡንቻቸው ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ 25 በመቶ ያህል ተሻለ። ክብደታቸውና የደም ስኳራቸው ግን አልተለወጠም። በ2018 የወጣው ደግሞ ለወፋፍራም ወንዶች ለ12 ሳምንት በቀን 2,000 ሚሊግራም ኤንአር ሰጠ። የኢንሱሊን ምላሻቸው አልተሻለም። በአጭሩ እንክብሎቹ ደም ውስጥ ኤንኤዲ ይጨምራሉ። ሕመም ወይም ሞት ቀነሱ የሚል ማስረጃ ግን የለም። ኤንአር የአይጥ ዕድሜም በሦስቱ ቦታ ሙከራ አላራዘመም።

ዘመድ የላከውን ጠርሙስ አዙሩና ከኋላ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር አባባሉን እንዳልገመገመው፣ ምርቱም በሽታን ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ እንዳልሆነ ተጽፏል። ከፊት ያለው ትልቁ ጽሑፍ ሌላ ያስመስላል።

ከዚህ ሁሉ ተስፋ የምጥልበት የምርምር መስመር አለ። ሲዲ38 የሚባል ኢንዛይም ኤንኤዲን ይፈጃል፤ ከዕድሜ ጋርም ይጨምራል። እሱን ማገድ ኤንኤዲን ያተርፋል። ማገድ ደግሞ ከመቀስቀስ ይቀላል ብለናል። ሌላው ሲርት6 ነው። በ2012 እስራኤል ውስጥ በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ሲርት6 በብዛት እንዲኖራቸው የተደረጉ ወንድ አይጦች ረዝመው ኖሩ። ሁለቱም ለተመራማሪ እንጂ ለገዢ ገና ናቸው።

በአጭሩ የሚታለፉ ሁለት

ዲፒፒ4 ከአንጀት የሚወጣውንና ስኳር የሚቀንሰውን ጂኤልፒ1 የሚባል ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። ሲታግሊፕቲን ያግደዋል፤ በ2006 ተፈቀደ። ለስኳር ሕመምተኛ ለስላሳ መድኃኒት ነው፤ ብቻውን ስኳርን አውርዶ አይጥልም። ግን በ2015 ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት የልብ ሕመምን አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። ዘመዱ ሳክሳግሊፕቲን ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል የሚገቡትን ቁጥር ጨምሯል። ኦዜምፒክ ስለሚባለው የስኳር መርፌ ለምትጠይቁ፣ እሱ ኢንዛይም አይነካም፤ ሆርሞኑን ራሱን መስሎ ይሠራል።

ቴሎሜሬዝ የክሮሞዞምን ጫፍ የሚያድስ ኢንዛይም ነው፤ የ2009 የኖቤል ሽልማት ያስገኘ። «ቀስቃሽ» ተብለው የሚሸጡ እንክብሎች አሉ። አብዛኞቹ የካንሰር ሕዋሳት ግን ሳይሞቱ የሚባዙት ይህንኑ ኢንዛይም ቀስቅሰው ነው። በ2024 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢሜተልስታት የሚያግደው ነው እንጂ የሚቀሰቅሰው አይደለም፤ ለአንድ የደም በሽታ ዓይነት። እኔ ቀስቃሹን ለማንም አልመክርም።

ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ

| ኢንዛይም | መድኃኒት ወይም ምርት | ያግዳል/ይቀሰቅሳል | የአይጥ ዕድሜ (ሦስቱ ቦታ) | ሰው ላይ የታየው | ዋና ስጋት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ኤችኤምጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ | ስታቲን | ያግዳል | አላራዘመም | የልብ ሕመምተኛን ሞት ቀነሰ | ጡንቻ፣ ስኳር | ርካሽ |
| ኤኤምፒኬ | ሜትፎርሚን | በተዘዋዋሪ ይቀሰቅሳል | ብቻውን አላራዘመም | ለስኳር ሕመምተኛ ጠቀመ፤ ለጤነኛ አልተረጋገጠም | ሆድ፣ ቢ12፣ ደካማ ኩላሊት | በጣም ርካሽ |
| አልፋ ግሉኮሲዴዝ | አካርቦስ | ያግዳል | አራዘመ፣ በተለይ ወንዶችን | ስኳርን አዘገየ፤ ለልብ አልጠቀመም | የሆድ መነፋት | መካከለኛ |
| ኤምቶር | ራፓማይሲን | ያግዳል | አራዘመ | ለንቅለ ተከላ ጠቀመ፤ ለእርጅና ፍንጭ ብቻ | ኢንፌክሽን፣ የደም ቅባት፣ ቁስል | ውድ፣ ክትትሉም ብዙ |
| ሲርቱይን | ሬስቬራትሮል | አከራካሪ | አላራዘመም | ግልጽ ጥቅም የለም | ገንዘብ ማባከን | ውድ |
| ኤንኤዲ ተጠቃሚ ኢንዛይሞች | ኤንኤምኤን፣ ኤንአር | ማገዶ ይጨምራል | ኤንአር አላራዘመም | ኤንኤዲ ይጨምራል፤ ጥቅሙ ያልጠራ | የረጅም ጊዜ ጥናት ማነስ | ውድ |
| ዲፒፒ4 | ሲታግሊፕቲን | ያግዳል | — | ስኳር ይቀንሳል፤ ለልብ ገለልተኛ | አልፎ አልፎ የቆሽት መቆጣት | ከሜትፎርሚን ውድ |

ታዲያ ለማን የትኛው?

ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት፣ ኩላሊቱ ደህና የሆነና በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው ሜትፎርሚንን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ለዚህ ሰው «ዕድሜ ያራዝማል ወይ» የሚለው ክርክር አያስፈልገውም፤ በሽታውን የሚያክምበት በቂ ማስረጃ አለው። ምግብ ሲበላ ብቻ ስኳሩ ዘሎ የሚወጣበት፣ ሜትፎርሚንም ያልተስማማው ሰው ስለ አካርቦስ ይጠይቅ። ሲታግሊፕቲን አቅም ላለውና ስኳሩ እየወረደ ለሚያስቸግረው አዛውንት ጥሩ አማራጭ ነው።

ስኳር አፋፍ ላይ ናችሁ ከተባላችሁ የ2002ቱን የአሜሪካ ጥናት አስታውሱ። ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሠሩት ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ። ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ። ሜትፎርሚኑ የበለጠ የጠቀመው ለወጣቶቹ፣ በጣም ለወፈሩትና በእርግዝና ጊዜ ስኳር ለነበረባቸው ሴቶች ነው። ፈጣን እርምጃ ኤኤምፒኬን በነጻ ይቀሰቅሳል።

የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ያለፈበት ሰው ስታቲኑን አያቁም። «ጉበት ይጎዳል ሲሉ ሰማሁ» ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ከሁሉም ጠንካራ ማስረጃ ያለውን ትቶ ኤንኤምኤን ማስላክ ከባድ ስህተት ነው።

ጤነኛ ሆናችሁ፣ ገንዘብ ኖሯችሁ «አንድ ነገር ልውሰድ» ለምትሉ ደግሞ ምክሬ ይህ ነው። የአንድ ዓመቱን የእንክብል ገንዘብ በቅድሚያ ለምርመራ አውሉት። የደም ግፊት ተለኩ። ኤዋንሲ የሚባለውን የሦስት ወር አማካይ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ኩላሊት ታዩ። እነዚህ ላይ ችግር ከተገኘ የተረጋገጠ መድኃኒት አለ። ራፓማይሲንን ግን በሐኪም ከሚመራ ሙከራ ውጭ አትንኩ። ልጅ ለመውለድ ያሰበ፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው፣ ቁስል ያለበት ሰው ጨርሶ አያስበው።

ለመመረቂያ ርዕስ ለምትፈልጉ የፋርማሲና የባዮኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ የመጀመሪያውን የኤምቶር ስብስብ ብቻ ለይቶ የሚያግድ ሞለኪውል ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሲዲ38ም እንዲሁ። ሬስቬራትሮልን የመረጠ ተማሪ የሚያበራውን ቀለም ታሪክ አስቀድሞ ያንብብ።

ያላችሁን ሁሉ፣ ዘመድ የላከውን እንክብል ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ለየትኛው ሕመሜ ነው? በምን ምርመራ እንከታተለዋለን? በስንት ወር ለውጥ ካላየን እናቆመዋለን? ፋርማሲ ስትገዙም ምርቱ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ።